የእመት አንጓች የጡት ልጅ

እናንተ ይህን የምታነቡ አብዛኞቻችሁ እንደኔ አዲስ አበባ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ናችሁና፣ አገው ምድርን የምታውቋት በትምህርት ቤት ካርታ ላይ ከዓባይ ማዶ በዱላ ስትጠቆም ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት ኮሌጃችን የማኅበራዊ ኑሮ ተማሪዎችን በየጠቅላይ ግዛቱ በትኖ፣ በትንንሽ ከተሞች የልማት ሥራ እንድንለማመድ ሲያደርግ ለእኔ አዲስ ቅዳም ደረሰችኝ። ሐረርና አሥመራ የደረሳቸው ጓደኞቼ «ማር ልትልስ ነው» እያሉ ሳቁብኝ። እኔም ቦታ እንዲቀየርልኝ ለመንኩ፤ እምቢ ተባልኩ። ያ ልመና ዛሬ ትዝ ሲለኝ ያመኛል።

ሰኞ ጎህ ሳይቀድ እናቴ ስንቄን ተሸክማ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘችኝ። አባቴ ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ ጉለሌ ባለችው ቤታችን የምንኖረው እኔና እርሷ ብቻ ነን። ሾፌሩ መስኮት ሥር ቆማ «አደራህን፣ ከእሱ ሌላ ማንም የለኝም» አለችው። ሾፌሩ «ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው የምወስደው እናቴ» ሲላት ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ ጢም ያበቀልኩ የኮሌጅ ተማሪ ነኝ እኮ። አውቶቡሱ ሲነሳ ግን ዞሬ አየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማ ነበር።

ጎሃ ጽዮን ላይ ጉም መንገዱን ሸፍኖት ስለነበር ረዳቱ ወርዶ በእግሩ እየቀደመ ለሾፌሩ መንገድ ያሳይ ነበር። ወደ ዓባይ ስንወርድ ጉሙ ተገፈፈና ሙቀት ተቀበለን። ማዶውን ሽቅብ ስንያያዘው ደግሞ ሞተሩ ፈልቶ ቆመ። ሞተሩ እስኪበርድ ድንጋይ ላይ ተደርድረን ስንጠብቅ፣ አጠገቤ የነበሩ አንዲት ባልቴት የእናቴን ዳቦ ቆሎ ቀምሰው «እጇ ይባረክ» አሉና የራሳቸውን በሶ በጥብጠው ሰጡኝ። ደብረ ማርቆስ የደረስነው ከመሸ ነው። ሆቴሉ አልጋ ስላነሰው ከአንድ የእህል ነጋዴ ጋር አዳበሉኝ። ነጋዴው ጨዋ ሰው ነበር፤ ትኋኖቹ ግን አልነበሩም። የጉለሌ ትኋን መብራት ሲበራ ይሸሻል፤ የዚያ ሆቴል ትኋን መብራት ሲበራ ማን እንደመጣ ለማየት ይወጣል።

ማክሰኞ ቡሬን አልፈን ከፍ እያልን ስንሄድ ዝናቡ ያዘን። ዝናብ እኛም ዘንድ አለ፤ ዘንቦ ዘንቦ ግን ፀሐይ ይወጣል። እዚያ ጠዋት የጀመረ ዝናብ የሚያባራው ሲደክመው ነው። እንጅባራ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ቀረ። ማንም ሳይጠራቸው ከሣር የተሠራ ገሳ የለበሱ ገበሬዎች ከየማሳው መጡ፤ ከአጥር ዳር ቀርከሃ እየቆረጡ ጎማው ሥር ይነሰንሱ ጀመር። እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በአገውኛ ነው። አንደኛው ወደ እኔ ዞረና በአማርኛ «አንተስ ተማሪው፣ ቁመህ ልታየን ነው?» አለኝ። ወርጄ ስገፋ አውቶቡሱ በድንገት ተነሳና በፊቴ ጭቃው ላይ ተደፋሁ። ሳቁብኝ፣ ሳቁብኝና ያው ሰውዬ በገዛ ጋቢው ፊቴን ጠረገልኝ።

እንጅባራ ብርዱ የአዲስ አበባን ብርድ ጨዋታ ያስመስለዋል። አንዲት የሻይ ቤት ባለቤት የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቅርበውልኝ እሳት ዳር አስቀመጡኝ፤ የረጠበ ካልሲዬንም ከምድጃው በላይ ሰቀሉልኝ። አንዱ እግር ወድቆ ተቃጠለ። ሴትዮዋ እንደ ትልቅ ጥፋት ቆጥረውት ሌሊቱን ከጥጥ ፈትል አንድ አዲስ ሠርተው ጠዋት ሰጡኝ። እስካሁን አለኝ።

ረቡዕ ጨው በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሬ አዲስ ቅዳም ገባሁ። አንዲት መንገድ፣ በመንገዷ ግራና ቀኝ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፣ ከዚያ ወዲያ ሁሉ ሣር ክዳንና የቀርከሃ አጥር፤ ከተማዋ ይህችው ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ሲቆም ትሞላለች፤ በሌላው ቀን ውሻም በመሃል መንገድ ይተኛባታል። የከተማዋ ሹም ደብዳቤዬን አይተው ወደ እመት አንጓች ቤት ወሰዱኝ፤ ቤታቸው ሰፊ ነው፣ የሚኖሩበትም ብቻቸውን ነው።

እመት አንጓች ረጅም፣ ቀጭን፣ በጓሯቸው የንብ ቀፎ የሚጠብቁ ሴት ነበሩ። ከገጠር አገው ቤተሰብ ተወልደው በትዳር ነው ወደ ከተማ የመጡት፤ አማርኛቸው ዝግ ያለ ነው፣ ሲናደዱ ብቻ ወደ አገውኛ ይገባሉ። ደጃቸው ላይ ቁመው ከራስ እስከ እግሬ አዩኝ።

«እናት አለችህ?» አሉኝ።

«አለች እመይቴ።»

«ተመስገን። በል ጫማህን አውልቅና ኸሳቱ ቅረብ።»

ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ከየት እንደመጣሁ፣ ስንት ጊዜ እንደምቀመጥ፣ ምን እንደምሠራ የጠየቁኝ በማግሥቱ ነው።

ሥራዬ የከተማዋን ምንጭ ማጎልበት ነበር። ከብቱም ሰውም ከአንድ ጉድጓድ ይጠጣል፤ ከብቱ ገብቶ ከረገጠው በኋላ ሴቶች በቅል ከላይ ከላይ ይቀዳሉ። እኛ ሰፈር ቦኖ ተሰልፈን የምንነጫነጨው ትዝ ብሎኝ አፈርኩ። ዕቅዱ ምንጩን በድንጋይና በሲሚንቶ ማጠር፣ በቱቦ ማውጣትና ለከብቱ ገንዳ መሥራት ነው። ድንጋዩንና ጉልበቱን ሕዝቡ በደቦ፣ ሲሚንቶውን ዳንግላ ያለው መሥሪያ ቤት ያዋጣል። ይህንን ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለተሰበሰበው ሰው እንደ መምህር ቆሜ አስረዳሁ። ስጨርስ የእመት አንጓች ጎረቤት አቶ ጌጡ ብድግ አሉ። ጠና ያሉ፣ ከፈረሳቸው ጀርባ የማይወርዱ፣ ነገር የሚያውቁ ሰው ናቸው።

«እንግዲህ ውሃውን ልታስረው ነው የመጣኸው» አሉ። «ይሁን። መጀመሪያ የከብቱን ገንዳ ሥራ። ከብቱ ኸጠጣ ሰዉ ይታገሥሃል፤ ከብቱ ኸተጠማ ግን አንተንም ቱቦህንም ይረግጣል።»

ሳቅ ሆነ። ገንዳውን አስቀደምን። አቶ ጌጡ ከዚያን ቀን ጀምሮ ወዳጄ ሆኑ፤ ፈረስ ሊያስተምሩኝም ሞከሩ። እዚያ አገር ሰው በፈረስ የሚሄደው እኛ ወደ ሱቅ በእግር እንደምንሄደው ነው። እኔ ግን በግራ ወጥቼ በቀኝ ወደቅኩና እመት አንጓች ጀርባዬን በትኩስ ጨው ሲያሹ አመሹ።

ሐምሌ ሲጋመስ፣ ለድንጋይ ደቦ በቀጠርንበት ቀን ምንጩ ዳር ብቻዬን ቆሜ ቀረሁ። ማንም አልመጣም። ገጠር አንዲት ባልቴት ሞተው ሰው ሁሉ ለቅሶ ወጥቷል። አቶ ጌጡ በፈረስ ሲያልፉ ብሶቴን ነገርኳቸው።

«ምንጩ ነገም አለ» አሉኝ። «ሟቿ ዛሬ ናት የምትቀበረው። ይልቅ እመት አንጓችን ተከትለህ ና።»

ተከትዬ ሄድኩ። ሜዳው ላይ የተሰበሰበው ሰው ብዛት የገበያ ቀን ይመስል ነበር፤ ግን ተቀምጦ ስለ ዝናብና ስለ ቡቃያ ዝግ ባለ ድምፅ ያወራል። እኔም ይህ ነው ለቅሶው ብዬ ታዘብኩ። ወዲያው የሟቿ ልጅ ከባሏ አገር በበቅሎ ደረሰች። ገና ከሩቅ «እናቴ!» ብላ ስትጣራ ያ ሁሉ ሰው እንደ አንድ ሰው ተነስቶ አለቀሰ። እኔም ለማላውቃቸው ሴት አለቀስኩ።

ስንመለስ እመት አንጓች በጭቃው መሃል ቆም አሉ።

«አየህ? ሰዉ ኸጠዋት ጀምሮ ነበር። ለቅሶው የተጀመረው ግን ልጇ ስትመጣ ነው» አሉኝ። ትንሽ ተራመዱና «ለኔም ሰው ይመጣል። እዚህ አገር ያልደረስኩለት ለቅሶ የለም፤ ማንም አይቀርብኝም። እናቴ ብሎ የሚጠራኝ ነው የሌለኝ» አሉ።

ልጆቻቸውን ሁሉ ፈንጣጣ በአንድ ክረምት እንደወሰደባቸው ያን ቀን ነው የሰማሁት። ባላቸውም ቆይተው ተከተሉ። እጃቸውን ይዤ ወንዙን አሻገርኳቸው።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ አቶ ጌጡ ሽማግሌ ሆነው ወደ ቤት መጡ። ፈረሳቸውን አሥረው፣ በሥነ ሥርዓት ተቀምጠው፣ እመት አንጓች የጡት ልጃቸው ሊያደርጉኝ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። አዲስ አበባ የጡት ልጅ ሲባል የምሰማው በመኳንንት ወሬ ላይ ብቻ ነበር። እዚያ ግን ሕያው ነው፤ እናቲቱ አውራ ጣቷን ማር ነክራ ታጎርሳለች፣ ልጁም ይጠባል፣ ካህንና ጎረቤት ይመሰክራሉ፤ ከዚያ በኋላ ልጅነቱ እንደ ሥጋ ልጅነት ነው።

እኔን ፍርሃት ያዘኝ። እናቴ በሕይወት እያለች ለሌላ ሰው «እናቴ» ብሎ ማልቀስ ሟርት መስሎ ታየኝ። ልጅ ሳለሁ ከሰፈር ልጆች ጋር የለቅሶ ጨዋታ ስንጫወት «እናቴ! እናቴ!» ብዬ ስጮህ ሰምታ በጥፊ አጩላኛለች፤ «በቁሜ ታለቅስብኛለህ?» ነበር ያለችኝ። ይህንኑ ሳልደብቅ ለእመት አንጓች ነገርኳቸው። የሚቀየሙኝ መስሎኝ ነበር።

«እውነቷን ነው፣ እናት ትፈራለች» አሉኝ። «እኔ ኸሷ ጋር አልሻማም። አንተን የምፈልግህ ለአንድ ቀን ብቻ ነው።»

እንዲህ ሲሉኝ እምቢ የሚል አንደበት ከየት ይመጣል? እሺ አልኩ። የሐምሌ ገብርኤል ዕለት ቄሱ፣ አቶ ጌጡና ጎረቤቶቹ ባሉበት ከራሳቸው ቀፎ የተቆረጠ ማር አመጡ። አውራ ጣታቸውን ስጠባ ከማሩ ጋር አንዲት የሞተች ንብ አፌ ገብታ ልትፋት ብል አፈርኩና ዋጥኳት። ሴቶቹ እልል አሉ። እመት አንጓች በሁለት እጃቸው ራሴን ይዘው በአገውኛ የሆነ ነገር አሉኝ፤ ትርጉሙን አልጠየቅኳቸውም። እሺ እንዳልኩ ግን ያውቃሉ፤ ያ ቀን ሲመጣ እንደምጠራቸው በቄሱ ፊት ቃል ገብቻለሁ።

ከዚያ በኋላ እንግድነቴ ቀረ። እስከዚያ ድረስ በየቤቱ ከፍ ያለው መቀመጫ ይለቀቅልኝ ነበር፤ አሁን «የአንጓች ልጅ፣ ተነስ ለቄሱ ልቀቅ» እባላለሁ። በደቦው ላይ ድንጋይ ስቆጥር የነበርኩት ሰውዬ ድንጋይ ተሸካሚ ሆንኩ። እመት አንጓችም ዘግይቼ ስገባ ይቆጡኛል፣ ፀጉሬ በዛ ይሉኛል፣ ከእራት የተረፈውን ያሳቅፉኛል። «እምዬ» ብዬ መጥራት ለመድኩ። ስለ እናቴ ሁልጊዜ ይጠይቁኛል፤ ምን ትወዳለች፣ ራሷን ታማለች ወይ፣ ብርድ ልብስ አላት ወይ። አንድ ቀን «ስትሄድ ማር ትወስድላታለህ፣ ኸኔ ነው በላት» አሉኝ።

ፍልሰታ ገብቶ ግድግዳውን ልናቆም ስንል ሲሚንቶው ጉድ አደረገን። ያስቀመጥንበት የገበያው ዳስ ሌሊት አፍስሶ ከረጢቶቹ በሙሉ ደርቀው ቆዩን። አቶ ጌጡ በበትራቸው አንኳኩተው «ድንጋይ ሞልቶን ሳለ ምነው ዳንግላ ድረስ ሄደህ ድንጋይ አመጣህ?» አሉ። አማራጭ አልነበረም፤ ሌላ ለመጠየቅ እሑድ ወደ ዳንግላ መውረድ ነበረብኝ። እመት አንጓች ጾሙ ከገባ ወዲህ ሳል ይዟቸው ስለነበር ልቅር አልኳቸው። ተቆጡኝ። «ሳል ያልያዘው ማን አለ በዚህ ዝናብ? ሂድና አምጣ፤ ሰዉ ኸአዝመራ በፊት ጨርሶ ይገላገል» አሉና የተጠበሰ ባቄላ ቋጥረው ሰጡኝ።

ዳንግላ የአውራጃው ከተማ ናት፤ ከአዲስ ቅዳም ለሚመጣ ሰው አዲስ አበባ የደረሰ ይመስለዋል። ያረፍኩት የእመት አንጓች የአጎት ልጅ በሆኑት በጨርቅ ነጋዴው አቶ ፈንቴ ቤት ነው። ሰኞ የዕቃ ቤቱ ሰው የለም ተባልኩ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ና ተባልኩ። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ አቶ ፈንቴ ደጅ ተቀምጬ ሳለሁ አቶ ጌጡ በፈረስ መጡ፤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበሩ።

«እመት አንጓችን ትንሽ አሟቸዋል» አሉኝ፤ ዓይናቸው ግን ፈረሱ ላይ ነበር። «መጥቶ ይየኝ ብለዋል።»

ብድግ አልኩ። «እንሂዳ! ምን እንጠብቃለን?»

አቶ ፈንቴ ወጥተው ከአቶ ጌጡ ጋር ዘወር ብለው ተነጋገሩ። ተመልሰው ትከሻዬን ያዙኝ። «ፈረሱ ደክሟል። አንተም ጾመህ ነው የዋልከው። ቅዳሴ ሲወጣ ብላ፤ ነገ በማለዳ ትሄዳላችሁ።»

ለመንኩ፤ ተቆጣሁ፤ በእግሬ ልሂድ አልኩ። ወንዙ ሞልቷል አሉኝ። ቆይቶ ሽሮና ተልባ ቀረበ፤ የአቶ ፈንቴ ባለቤት በእጃቸው እያጎረሱኝ ዓይኔን አያዩም። ሰው አንድ በአንድ እየገባ ይቀመጣል፤ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ይወጣል፣ ሌላ ይገባል። እኔ በልቤ የጎጃም እንግዳ አቀባበል ማለቂያ የለውም እያልኩ እበሽቃለሁ። እኛ ዘንድ ሰው ታመመ ከተባለ ታክሲ ተይዞ ይሮጣል። እዚህ እናት ታማለች ተብሎ ተልባ ይጠጣል።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ስነቃ ቤቱ በሽማግሌ ሞልቷል። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ከመናገራቸው በፊት ገባኝ። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ሁላችንም ወደዚያው ነን። እናትህን እግዚአብሔር ወስዷታል» አሉኝ። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። የአቶ ፈንቴ ባለቤት ጮኹና ቤቱ በለቅሶ ተናጋ።

እመት አንጓች ያረፉት ለማክሰኞ አጥቢያ ነው። በመንገድ ላይ፣ በአቶ ጌጡ ፈረስ ላይ ተፈናጥጬ ስንሄድ መቼ እንደተቀበሩ ጠየቅኳቸው።

«ትናንት ነው። ሌሊት ኸዚያ የመጣ ሰው እንደነገረኝ፣ ቄሱ ልጇ ይምጣ ብለው እስከ ማምሻው አቆይተዋት ነበር። ደመናው ሲወርድ ቀበሯት።»

«እስከ ማምሻው?» አልኳቸው። «እኩለ ቀን ላይ ብትነግሩኝ እኮ እንደርስ ነበር!»

«እንደርስ ነበር» አሉ። «መንገዱን ሁሉ ልንገረው አልንገረው እያልኩ ነው የመጣሁት። ግን መርዶ ለልጅ በጠራራ ቀን፣ በባዶ ሆዱ፣ ሽማግሌ በሌለበት አይነገርም። በድንጋጤ የሞተ አለ። ፈንቴም ይኸንኑ አለኝ። ባዳ ብትሆን ኖሮ ኸፈረሱ ሳልወርድ በነገርኩህ ነበር።»

ሊያጽናኑኝ ነው እንዲህ ያሉት። እኔ ግን ፊቴን ጀርባቸው ላይ ደፍቼ እስከ አዲስ ቅዳም አለቀስኩ። እሳቸውም ያለቅሱ ነበር፤ ጀርባቸው ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስንደርስ ሰው እየጠበቀን ነበር። ከፈረሱ አወረዱኝና ገና አፈሩ ያልጠጠረ መቃብር ፊት አቆሙኝ። ሴቶቹ ዝም ብለው ያዩኛል። ሰው ሁሉ ተቀምጧል፤ አንዲት ቃል እስክትወጣ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ቃሏን አውቃታለሁ። አፌን ከፈትኩ፤ የጉለሌዋ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ፊቴ ድቅን አለች። ቃሉን ካወጣሁት እርሷን የምገድላት መሰለኝ። እንባዬ ይወርዳል፤ ድምፅ ግን የለም። አንዲት ሴት ከኋላዬ «ጥራት እንጂ የኔ ልጅ» አለችኝ። አልቻልኩም። አቶ ጌጡ ቀስ ብለው መጥተው ክንዴን ያዙና «ድምፁ ተዘግቶበት ነው» ብለው ለሰዉ ነገሩልኝ። ሰዉም አዘነልኝና ያለ ጥሪ አለቀሰ። የዚያን ቀን ለቅሶ ቀዝቃዛ ነበር፤ ማንም አልወቀሰኝም።

ልጅ ነህና ብለው ፀጉሬን ላጩኝ። ሠልስቱን ከሴቶቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጬ ዋልኩ፤ የመጣው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጥናህ» እያለ ፊቴ ጎንበስ ይላል። ሲሚንቶው በጨው መኪና ተጭኖ መጣ፤ ደቦው ወጣና ግድግዳው ቆመ፣ ቱቦውም ውሃ ተፋ። ሴቶች እንስራቸውን ሥሩ ደግነው ሲስቁ እኔ ቤቱ ውስጥ ገብቼ ተኛሁ። የመመለሻ ቀኔ ሲደርስ አቶ ጌጡ ከእመት አንጓች ቀፎ ማር ቆርጠው በቅል አሸጉልኝ። «ተናዝዛ ነው» አሉኝ። «ለናትህ።»

በመልሱ መንገድ የነበረውን ብዙ አላስታውስም። እንጅባራ ላይ ያችው የሻይ ቤት ባለቤት የተላጨ ራሴን አይተው ምንም ሳይጠይቁ ሻይ ቀዱልኝ። ደብረ ማርቆስ ትኋኖቹ ነበሩ፤ አላከክሁም። ዓባይ ሞልቶ ቀይ ሆኖ ይፈስ ነበር።

ጉለሌ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። እናቴ በሩን ከፍታ ልታቅፈኝ የዘረጋችው እጇ አየር ላይ ቀረ። ራሴን አየች።

«ማነው? ማን ሞተብህ?»

እንደ ሥርዓቱ ቢሆን ቆይቼ፣ ጎረቤት ጠርቼ፣ በማለዳ ልነግራት ይገባ ነበር። እኔ ግን ማሩን እንደያዝኩ ደጃፉ ላይ ቆሜ ሁሉንም አፈሰስኩት፤ ጣቱን፣ ማሩን፣ ቃል መግባቴን፣ መዘግየቴን፣ መቃብሩ ፊት ድምፄን ያጣሁት በእሷ ምክንያት መሆኑን። እናቴ ቅሉን ከእጄ ተቀብላ ፊቷን አዙራ ወደ ቤት ገባች። የተቀየመችኝ መሰለኝ።

ከዚያ በርጩማውን በእግሯ ገፋ አድርጋ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋንም አዘቀዘቀች።

«እህቴን!» አለች። «ልጄን ከዝናብ ያስገባችልኝ፣ ሳላያት የሄደችብኝ እህቴን!»

ጎረቤት እየሮጠ መጣ። እናቴ እህት እንደሌላት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። «ማን ሞተብሽ?» ቢሏት «እህቴ ናት» አለች፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቃትም፤ ተቀመጡ። እናቴ እንባዋን ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን ቆመህ ታያለህ? ጥራት እንጂ!»

«እማዬ፣ አንቺ እያለሽ...»

«እኔ የትም አልሄድም። ቃል ገብተህላት የለም እንዴ? ጥራት!»

ጠራኋት። «እናቴ!» ብዬ ጮህኩ፤ ተቀምጦ የነበረው ሰው ሁሉ ተነስቶ ከኋላዬ አለቀሰ። ልክ እመት አንጓች እንደተመኙት ነበር። ከጉለሌ አዲስ ቅዳም ግን ሁለት ሌሊት አድረው የሚደርሱበት መንገድ ነው።